በጅማ ያገለገለ መኪና ለመነገድ፦ ድለላ፣ የአደራ መሸጫ፣ የራስ ግዢ ወይስ ማህበር?

ጅማ ላይ «መኪና እነግዳለሁ» የሚል ሰው ቢያንስ ከአራት ሥራ አንዱን እየሠራ ነው። አንዱ ገዢና ሻጭ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ሌላው የሰው መኪና ግቢው አቁሞ በአደራ ይሸጣል። ሦስተኛው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ አስጠግኖ፣ አትርፎ ይሸጣል። ይህንኑ ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው ጋር ማህበር አቁሞ የሚሠራም አለ። ለአላፊ አግዳሚው አራቱም አንድ ናቸው፦ ግቢ ውስጥ የተደረደሩ መኪኖች፣ በር ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር። ንግድ ጽሕፈት ቤትና ገቢዎች ዘንድ ሲደርሱ ግን ለየቅል ናቸው።

የሚለያቸው ጥያቄ አጭር ነው። መኪናው እርስዎ እጅ ባለበት ጊዜ ሊብሬው ላይ የማን ስም አለ? የፈቃዱ ዓይነት፣ የግብሩ መጠን፣ አደጋ ቢደርስ ካሳ ከፋዩ፣ ሁሉም ከዚህ መልስ ይመዘዛል። የግቢ ኪራይ ውል ከመፈረምዎ በፊት ይህን ይወስኑ፤ ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከግቢው ነው።

ከውጭ ማስመጣት ለምን እዚህ አልገባም

የመኪና ንግድ ሲነሳ ዱባይን የሚያስብ አሁንም አይጠፋም። ያ በር ከጠበበ ቆይቷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን እንደ ዕድሜያቸው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ሃይሉክስ የሚነግድ የጅማ ሰው ዕቃው አገር ውስጥ ነው ያለው፦ ከተማው ውስጥ፣ ከአጋሮ፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ፣ ወይም 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ። ሻጩም በአብዛኛው ግለሰብ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ ቫት ስንደርስ ዋጋ ያስከፍላል።

ድለላ፦ ስምዎ ሊብሬ ላይ የማይደርስበት

ደላላ ገዢና ሻጭን ያገናኛል፤ ውሉን የሚፈራረሙት ራሳቸው ናቸው። ከእሱ ጋር የሚምታታው የኮሚሽን ወኪል ነው፤ እሱ በሌላ ሰው ሒሳብ ግን በራሱ ስም ይዋዋላል። ፈቃድ ሲጠይቁ ሁለቱን ቃላት አይቀያይሩ። «ኮሚሽን» ሲባል በልማድ ሁለቱንም ይጠሩበታል፤ ፈቃዱ የሥራ መደብ ላይ የተጻፈው ግን የሚሠሩትን ይወስናል።

ድለላ ትልቅ ካፒታል አይፈልግም። ጠረጴዛ፣ የታወቀ አድራሻ፣ ስልክና እምነት ይበቃዋል። በልማድ የሚጠየቀው 2 በመቶ ነው፤ አንዳንዴ ከሁለቱም ወገን፣ አንዳንዴ ከሻጩ ብቻ፣ በድርድርም ይወርዳል። አገሩ ሁሉ በቃል የሚደልልበት ሥራ ስለሆነ ትልቁ በሽታው መካድ ነው፦ ገዢና ሻጭ ስልክ ተለዋውጠው ከሳምንት በኋላ ያለ እርስዎ ይዋዋላሉ። መድኃኒቱ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። የመኪናው ታርጋ፣ የኮሚሽኑ ልክ፣ ማን እንደሚከፍል፣ እና «በ90 ቀን ውስጥ እኔ ካገናኘሁት ሰው ጋር ከተሸጠ ኮሚሽኑ ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር፤ ሻጩ መኪናውን ከማሳየቱ በፊት ይፈርማል።

ሁለተኛው አደጋ ቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈገፍግ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈገፍግ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቀብዱ በእርስዎ ሒሳብ ገብቶ ሻጩ ሐሳቡን ከቀየረ፣ እጥፉን ማን ይመልስ የሚለው ክርክር ደጅዎ ላይ ይመጣል። ቀብድ ከገዢው ወደ ሻጩ ሒሳብ በቀጥታ በባንክ ይሂድ፤ እርስዎ የምስክርነት ፊርማ ብቻ ያኑሩ።

የአደራ ግቢ፦ የሰው መኪና፣ የእርስዎ ቁልፍ

ይህ በፈቃድ ረገድ ለድለላ የቀረበ ነው፤ በኃላፊነት ግን ከብዶ ይመጣል። ሊብሬው በባለቤቱ ስም ይቆያል፤ መኪናው ግን ግቢዎ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ኪስዎ ውስጥ። የሚጠፋው፣ የሚጫረው፣ ለሙከራ ወጥቶ የሚጋጨው እርስዎ ጋ እያለ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ጉዳትን ነው። ግቢ ውስጥ የተሰረቀ ባትሪ፣ አጥር ወድቆበት የተጨፈለቀ ጣሪያ ውስጡ የለም። ከመድን ድርጅቱ ጋር ሲነጋገሩ «በአደራ ተቀብዬ ግቢዬ የማቆማቸው የሌላ ሰው መኪኖች» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ «ሙሉ መድን ግባልኝ» ብቻ ብለው ከወጡ የሚያገኙት የራስዎን መኪና የሚሸፍን ውል ነው።

የአደራ ውሉ ላይ እነዚህ ካልሰፈሩ ግቢውን አይክፈቱት፦ ባለቤቱ የሚቀበለው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው የማን እንደሆነ፣ መኪናው ሲገባ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያነበበው ቁጥር፣ የነዳጁ መጠን፣ የቁልፍ ብዛት፣ የትርፍ ጎማና የክሪክ መኖር፣ ለሙከራ ማን እንደሚነዳና እስከ የት፣ አደራው ስንት ቀን እንደሚቆይ። በዚያኑ ሰዓት አራቱንም ጎን፣ ቆጣሪውንና ሞተር ክፍሉን ፎቶ ያንሱ። ባለቤቱ ከሁለት ወር በኋላ «ይሄ ጭረት አልነበረም» ሲል የሚታረቁት በፎቶው ነው።

ጅማ ዝናብ አይለየውም፤ ይህ በግቢ ምርጫ ላይ ከኪራዩ እኩል ይታሰብ። አንድ መኪና ቆሞ 2.5 በ5 ሜትር ያህል ይይዛል፤ መግቢያ መውጫው ሲታከል እስከ 25 ካሬ ሜትር ይቁጠሩ። ለ10 መኪና 250 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ አንዱን ለማውጣት አራቱን ማንቀሳቀስ ይመጣል፤ በየመንቀሳቀሱም ጭረት አለ። ቀይ አፈሩ ላይ ጠጠር ሳያፈሱና የውሃ መውረጃ ሳያበጁ ክረምት ከገባ መኪናው ወደ ጭቃው ይሰጥማል፤ ገዢም ጫማውን እያየ ይመለሳል። ሦስት አራት ሳምንት ሳይነሳ የሚቆም መኪና ባትሪው ይወርዳል፤ የኔጌቲቩን ገመድ ማላቀቅ ወይም በየሳምንቱ 20 ደቂቃ ማስነሳት ልማድ ይሁን። ገዢ ፊት በግፊት የተነሳ መኪና ዋጋው እዚያው ይወርዳል።

የራስ ግዢ፦ ሒሳቡን ቁጭ ብለው ይሥሩት

አብዛኛው ሰው የሚመኘው ይህን ነው፤ ትርፉ ትልቅ ስለሚመስል። እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ በራስዎ መኪና ይተኳቸው።

አንድ ቪትዝ በ1,500,000 ብር ገዝተው በ1,620,000 ሊሸጡ አስበዋል። ልዩነቱ 120,000 ነው። በስምዎ ሲያዛውሩ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ ማለትም 30,000 ብር ይከፈላል፤ በልማድ የገዢ ድርሻ ነው፣ ገዢው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ጎማ፣ ፍሬንና ቀለም መነካካት 25,000 ይበሉ። ገንዘቡ በብድር ከሆነና በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢታሰብ በወር 22,500፣ መኪናው ሁለት ወር ቢቆም 45,000 ይሆናል። ድምሩ 100,000። ከ120,000ው የተረፈው 20,000 ብር ነው፤ ከዚያም የገቢ ግብር አለ። ያንኑ መኪና በ2 በመቶ የደለለው ሰው አንድም ብር ሳያስር 32,400 ይቀበላል።

ዋናው ነገር ገና አልመጣም። መኪና በሚሊዮን የሚቆጠር ዕቃ ስለሆነ ጥቂት ሽያጭ ብቻ ለቫት ተመዝጋቢነትና ለግብር ደረጃ «ሀ»፣ ማለትም ለከፍተኛው የግብር ከፋይ ምድብ፣ ያበቃል። ቫት 15 በመቶ ነው። ሻጭዎ ግለሰብ ስለሆነ የቫት ደረሰኝ አይሰጥዎትም፤ ደረሰኝ ከሌለ የሚቀናነስ የግብዓት ቫት (ሲገዙ የከፈሉት ቫት) የለም። ቫቱ በሙሉ የመሸጫ ዋጋው ላይ ከታሰበ፣ 1,620,000 ብር ቫትን አካትቶ ሲሸጥ ውስጡ ያለው ቫት 211,304 ብር ነው። ቀሪው 1,408,696፤ የገዙበት ደግሞ 1,500,000። ቴምብሩንና ጥገናውን ሳንጨምር 91,304 ብር ከሰሩ ማለት ነው። ወጪዎን 1,600,000 ብር ብለን ቫቱን ለመሸፈን ብቻ በ1,840,000 መሸጥ ነበረብዎ፤ ገዢው ግን ተመሳሳዩን ከግለሰብ በ1,620,000 ያገኛል።

ደላላው ላይ ይህ ሁሉ አይመጣም፤ ቫቱ የሚታሰበው በኮሚሽኑ ላይ ነው። ጅማም ሆነ ሌላ ከተማ ብዙ «መኪና ነጋዴ» በደላላ ፈቃድ የሚቀመጠው ሰንፎ አይደለም። እኛም ለጀማሪ የምንመክረው ከዚያ እንዲጀምር ነው።

የራስ ግዢ ፈቃድ ለማውጣት የወሰነ ሰው ታዲያ ከማውጣቱ በፊት አንድ ደብዳቤ ይጻፍ። «ከግለሰብ ያለ ቫት ደረሰኝ የተገዛ ያገለገለ ተሽከርካሪ ስሸጥ ቫቱ በየትኛው ዋጋ ላይ ይሰላል?» ብሎ ለሚገብርበት የገቢዎች ቅርንጫፍ ያስገባ፤ መልሱንም ማህተም ባለበት ወረቀት ይቀበል። በቃል የተነገረ መልስ ኦዲተር ሲመጣ አይቆምም።

የራስ ግዢ የሚያዋጣበት ጠባብ ሜዳ ግን አለ፦ ጨረታ። ባንኮች በዋስትና የያዙትን፣ ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ተቋማት የሚያስወግዱትን፣ የመድን ድርጅቶች ተጋጭቶ የተረከቡትን መኪና ይሸጣሉ። ለቫት የተመዘገበ ሻጭ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ዋጋውም ከገበያው ዝቅ ሊል ይችላል። እዚህም ወጥመድ አለ። መኪናው የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ይያዛል፣ አሸንፎ በቀነ ገደቡ ያልከፈለ ማስከበሪያውን ያጣል። ከሁሉም በላይ ማስታወቂያው ላይ «ቀረጥ የተከፈለበት» ወይም «ያልተከፈለበት» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ኮድ 5 ታርጋ (የእርዳታና የሃይማኖት ድርጅቶች ታርጋ) የነበረው፣ ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ለጉምሩክ ሳይከፈል ወደ ስምዎ አይዛወርም፤ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ቀረጡ ሲታከልበት ከገበያው ሊያልፍ ይችላል።

በውክልና መነገድ

ቴምብሩን ሁለት ጊዜ ላለመክፈል ብሎ ሊብሬውን ሳያዛውሩ «የመሸጥ የመለወጥ ውክልና» ተቀብሎ መኪናውን መያዝ በጣም የተለመደ ነው። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፤ ስሙ ግን የሻጩ ነው። ይህን እንደ አማራጭ አንቆጥረውም፤ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ግን የሚበላሽበትን ቦታ መናገር ይገባል።

ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ሻጭዎ በሦስተኛው ወር ቢያርፍ መኪናው የወራሾች ንብረት ክርክር ውስጥ ይገባል። ወካዩ በሕይወት ቢኖርም ወደ ውልና ማስረጃ ሄዶ ሊሽረው ይችላል። ባንክ ወይም ገቢዎች በእሱ ዕዳ ምክንያት ቢያሳግድ፣ ትዳሩ ቢፈርስና ንብረት ክፍፍል ቢነሳ፣ እገዳው የሚያርፈው እርስዎ ግቢ ያለው መኪና ላይ ነው። ለሻጩም ቢሆን ሰላም የለውም፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ሌላ ሰው እየነዳው ቢሆንም። ሚዛን መንገድ ላይ ሰው የገጨ መኪና ሊብሬው በስሙ ያለ ጡረተኛ ጅማ ቤቱ ተቀምጦ ይከሰሳል። በዚህ ላይ በውክልና ደጋግሞ መግዛትና መሸጥ ያለ ፈቃድ መነገድ ነው፤ በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል።

ብቻዎን ወይስ በማህበር

የግል ነጋዴ ምዝገባ ፈጣንና ርካሽ ነው። ዕዳ ቢመጣ ግን ከግቢው አልፎ መኖሪያ ቤትዎን ይነካል። ግብሩም እስከ 35 በመቶ በሚወጣ እርከን ይሰላል።

በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የ1952ቱን ሕግ ሲተካ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፦ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር። ከዚያ በፊት ኃላፊነቱን መገደብ የፈለገ ሰው ባለቤቱን ወይም እህቱን በስም ብቻ አባል አድርጎ ያስመዘግብ ነበር። አሁን ብቻውን ማቋቋም ይችላል፤ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰው ግን አስቀድሞ መሰየም አለበት። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ እስከ 50 አባል ድረስ መደበኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አለ። ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው፤ ለመኪና ሥራ ምንም ማለት አይደለም፣ ትክክለኛውን ካፒታል ያስመዝግቡ። ማህበሩ በትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ ትርፉ ወደ ኪስዎ ሲከፋፈል ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። ስለዚህ «30 ከ35 ያንሳል» የሚለው ስሌት ብቻውን ማህበር አያስመሠርትም። ማህበር የሚመሠረተው ኃላፊነትን ለመገደብ፣ ወይም የሁለት ሰው ገንዘብ ስለተቀላቀለ ነው።

የኅብረት ሽርክና ማህበርን ለዚህ ሥራ አንመክርም። አባላቱ ለማህበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ በሙሉ ንብረታቸው ይጠየቃሉ፤ የሸሪክዎ ስህተት የእርስዎን ቤት ያሸጣል። ከዚህ የሚብሰው ያልተጻፈ ሽርክና ነው፦ ሁለት ወንድማማቾች ግማሽ ግማሽ አዋጥተው መኪናውን በታላቅየው ስም ያደርጋሉ። በሕግ መኪናው የታላቅየው ነው፤ የታናሽየው ገንዘብ ቢበዛ ብድር ነው፣ ማስረጃ ካለው።

ጅማ ላይ ወረቀቱ እንዴት ይሄዳል

መሠረቱ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና ማሻሻያው 1150/2011 ነው። ምዝገባና ፈቃድ ሁለት ነገር ናቸው፤ ምዝገባው አንዴ ነው፣ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። በአካል ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ወይም በኢትሬድ፣ በኢንተርኔት የንግድ ምዝገባ ሥርዓቱ፣ ማመልከት ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ሰው ይጉላላል። መጀመሪያ ፋይዳና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። ከዚያ አከራዩ የይዞታ ካርታ ያለውና ግብሩን የከፈለ መሆኑን ማየት፣ ከዚያ የኪራይ ውሉን ውልና ማስረጃ ወስዶ ማጸደቅ። ብዙ ሰው ኪራይ ስድስት ወር ከፍሎ ነው ካርታ የሚጠይቀው፤ ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ ውሉ አይጸድቅም፣ ፈቃዱም አይወጣም፣ ኪራዩ ግን ይቆጥራል። ማህበር ከሆነ መመሥረቻ ጽሑፉ ከምዝገባው በፊት ይጸድቃል፤ ካፒታሉም በዝግ ሒሳብ ይገባል። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ወደ ገቢዎች ነው፦ የግብር ደረጃ፣ ቫት፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና ደረሰኝ። መሣሪያው ሳይተከል አንድም ኮሚሽን አይቀበሉ።

ድለላም ሽያጭም ለመሥራት ካሰቡ ሁለቱንም መደብ ያስሞሉ፤ በደላላ ፈቃድ ላይ የራስን መኪና ደጋግሞ መሸጥ ከፈቃድ ውጭ መሥራት ነው። ግቢ ሲቀይሩም አድራሻውን ማስለወጥ አይዘንጉ። ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቦቾ ቦሬ መዛወር ለእርስዎ ትንሽ ነው፤ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቦታ ግን ሌላ ነው።

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውልና ቅጽ በቁቤ ይመጣሉ፤ የቆየ ሊብሬ ደግሞ በአማርኛ ነው። ስም የሚበላሸው እዚህ መገጣጠሚያ ላይ ነው። «ከድር» በአንዱ ሰነድ በ«ኬ»፣ በሌላው በ«ኪው» ሊጻፍ ይችላል። ፋይዳው፣ ሊብሬውና የሽያጭ ውሉ ላይ ያሉት ፊደሎች ካልተጣጣሙ ስም ማዛወሩ ላይ «አንድ ሰው መሆኑን አረጋግጥ» ይባላሉ። ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማንበብ አምስት ደቂቃ ነው።

መኪናውን ከመቀበልዎ በፊት

በየትኛውም ፈቃድ ቢሠሩ ይህ አይቀየርም። መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥር። ሃይሉክስ ላይ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል የሻንሲው ብረት ላይ ተቀርጿል። ከደዶ ወይም ከሊሙ በኩል የመጣ መኪና እዚያ ቦታ ላይ ጭቃ ደርቆ ቁጥሩ አይታይም። በውሃ ያርሱት፣ በጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት። በብረት ብሩሽ አጥብቀው አይፈግፍጉ፣ በመፈግፈጊያ ማሽንም በፍጹም፤ የተፋቀ ቁጥር መርማሪው ፊት የተነካ ቁጥር ነው፣ መኪናው ለማጣራት ይያዛል። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያነጻጽሩ፤ 0ና 8፣ 3ና 8 የሚምታቱት ዝገት ሲበላቸው ነው። በዙሪያው ያለው ቀለም ከሌላው ብረት ከተለየ፣ የብየዳ ጠባሳም ካለ፣ መኪናውን አይቀበሉ።

ቀጥሎ የሞተር ቁጥር። ሞተር መቀየር ወንጀል አይደለም፤ ሳያስመዘግቡ መቀየር ነው ችግሩ። የተቀየረው ሞተር የግዢ ደረሰኝ ከሌለ ስም ማዛወሩ እዚያ ላይ ይቆማል። የቀለም ለውጥም እንዲሁ፦ ሊብሬው «ነጭ» ካለ መኪናውም ነጭ መሆን አለበት።

ከዚያ ፋይሉ። መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው። ታርጋው አዲስ አበባ ከሆነ ፋይሉም እዚያ ነው፤ ወደ ኦሮሚያ ሲዛወር የሚፈጀውን ጊዜና የጉዞ ወጪ ማን ይችላል የሚለው ውሉ ላይ ይግባ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት፣ ያለፈበት ቦሎና የመድን ጊዜም እዚያው ይታያሉ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩ ፈቃድ፣ ካልሆነ ያላገባ መሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ «እሷ ታውቃለች» አይበቃም። ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ቴምብር ማሳነስ የሚያስቡም አይሳካላቸውም፤ የተጻፈው ከመሥሪያ ቤቱ ግምት ካነሰ የሚሠራው ግምቱ ነው፣ በኋላ ክርክር ቢመጣ ግን ገዢው መጠየቅ የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ይሆናል።

መኪናው ራሱ ደግሞ በጅማ ክረምት እንዴት እንደኖረ ከሥር ይናገራል። ወለሉን፣ የበር ታችኛ ጠርዞችንና የጎማ ቤቱን በጣት ይጫኑ፤ በስቱኮ የተሞላ ዝገት ማግኔት አይዝም። ጉድለት ካገኙ ደብቀው አይሽጡ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢው ጉድለት ላለበት ዕቃ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው፤ የታወቀው ጉድለት ውሉ ላይ ተጽፎ ከተፈረመ ግን ክርክሩ አይነሳም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አንድ ቃል ብቻ፦ በአደራ ይቀበሉ፣ በራስ ገንዘብ ለመግዛት አይቸኩሉ። የባትሪውን ጤና የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሳያዩት ዋጋ መቁረጥ ጨለማ ውስጥ መተኮስ ነው።

ታዲያ የቱን?

እስከ 300,000 ብር የሚያህል ገንዘብ ብቻ ላለው፣ ሰውና መኪና ለሚያውቅ፣ የድለላ ፈቃድ። አጥር ያለው ግቢና የሚታመን ጥበቃ ላለው፣ ድለላው ላይ የአደራ ውል ጨምሮ ይሥራ፤ መድኑን ግን ከመጀመሪያው መኪና በፊት ይግባ። ጨረታ የመከታተል ልምድና ብድር ያልሆነ ሁለት ሦስት ሚሊዮን ያለው፣ የገቢዎችን መልስ በእጁ ከያዘ በኋላ የሽያጭ መደብ ያስጨምር፤ ገንዘቡ የሁለት ሰው ከሆነ ወይም ቤቱን ለአደጋ ማጋለጥ ካልፈለገ በኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር ይሁን።

ፈቃዱን የሚያወጡበት ወርም ይታሰብበት። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 በቅጣት። በግንቦት ወይም በሰኔ ያወጣ ሰው ብዙም ሳይሠራበት እድሳት ይደርስበታል። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ያወጣ ግን ወረቀቱን፣ መሣሪያውንና ጠጠሩን ጨርሶ የቡና ገንዘብ ገበያ ላይ መታየት ሲጀምር፣ ጥቅምት ላይ፣ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ያ ወር ለደረጃ «ሀ» ነባር ነጋዴ የዓመቱ ግብር ማስታወቂያ የመጨረሻ ወርም ስለሆነ ገቢዎች ይጨናነቃል፤ የቫቱን ደብዳቤ ከዚያ በፊት ያስገቡ።